የተጣለው ቀረጻ

የኬሚስትሪው መምህር ከውጭ በተቆለፈው የቀረጻ ክፍል ውስጥ፣ ከበሩ ስር በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ነጭ ጋውኑን እንደለበሰ ነበር። ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የሚዘጋጁ አራት መቶ አሥራ ሁለት ተማሪዎች በየቤታቸው ሆነው፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ስለ አሲድና ቤዝ ሲያስረዳ በኢንተርኔት በቀጥታ ተከታትለውታል። ሲጨርስም «እናመሰግናለን መምህር» ብለው ጽፈውለታል።

ሐኪሙ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ደርሶ አስከሬኑን መረመረ። «አስም ነው፣ ታፍኖ ነው የሞተው» አለ። «ከሞተ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ ሆኖታል።»

መርማሪዋ ሰዓቷን አየች። «እንግዲያው ሰውየው ከሞተ በኋላ ግማሽ ሰዓት አስተምሯል።»

ቀልድ አልነበረም፤ የሳቀም የለም። መርማሪዋ አጠር ያለች፣ ድምጿን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። ባልደረቦቿ «ምስማር» ይሏታል፤ አንድ ቦታ ከተመታች አትነቀልም ለማለት ነው።

የሟቹን ኪሶች ፈተሸች። መሐረብና እስክሪብቶ እንጂ፣ ሲያፍነው የሚስበው ኢንሄለር የለም። ጠረጴዛውም ላይ የለም።

ኮሪደሩ ላይ ሦስት በሮች አሉ፦ ግድግዳው በስፖንጅ የተለበደው ቀረጻ ክፍል፣ ኮምፒውተሮቹ ያሉበት ማቀናበሪያ ክፍል፣ ጫፍ ላይ ደግሞ የአስተባባሪዋ ቢሮ። አስተባባሪዋ የሟቹ ታናሽ እህት ናት። ዓይኗ ደርቋል፤ ማልቀስ እንኳ አልሆነላትም።

«ስንት ሰዓት ነው የሞተው?» አለች፣ መርማሪዋ ገና ሳትቀመጥ። «ትምህርቱ ሳይጀመር ነው ወይስ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ?»

«ገና አላወቅኩም።»

«እሱን ብቻ ይንገሩኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«እነግርሻለሁ። በሩን ማን ቆለፈው?»

«እኔ እንጃ። ቀረጻ ሲጀመር ሰው ሳያስበው ዘው እንዳይል ከውጭ ይቆለፋል፣ ቀዩ መብራት ይበራል። ስልክም ይዞ መግባት ክልክል ነው። መብራቱ በርቶ ከሆነ ቤቱ ቢቃጠል አንከፍትም። ዛሬም በርቶ አየሁት፤ ጋሼም በቢሮዬ በኩል ሲያልፉ ‹ወንድምሽ ጀምሯል› አሉኝ።»

«ትምህርቱን አየሽው?»

«ምስሉን ብቻ። ድምፁን አጥፍቼ የልጆቹን ጥያቄ ነው የምለቅመው። ከልጅነቴ ጀምሮ ኬሚስትሪ ሲግተኝ ኖሯል፣ በቃኝ።» ፈገግ ልትል ብላ ተወችው።

«ጥያቄዎቹን መለሰ?»

«አንዱንም። ወንድሜ ጥያቄ አይዘልም ነበር። ጊዜ አጥሮት ነው ብዬ ተውኩት።»

ቀጥሎ ባለ ሪዙ የቪዲዮ አቀናባሪ ገባ። የጆሮ ማዳመጫው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

«አራት ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

«ገበያ። የቀረጻ ክፍሉ ቬንትሌተር ከተቃጠለ ሁለት ሳምንቱ ነው። ሞተር ፍለጋ ዞሬ ዞሬ ባዶ እጄን መጣሁ።»

«ያየህ ሰው አለ?»

«ስንቱ ሻጭ ‹የለም› ብሎኛል፤ ማን ያስታውሰኛል?» ላብ አጠመቀው። «እኔ ስወጣ መምህራኑ ራሳቸው ያስጀምራሉ። ሁሉንም አሠልጥኛቸዋለሁ።»

ሦስተኛው ሁሉም «ጋሼ» የሚሏቸው አንጋፋ የሂሳብ ፕሮፌሰር ናቸው። ሟቹን ራሳቸው አስተምረው ለመምህርነት አብቅተውታል። መርማሪዋ ጥያቄዋን ሁለት ጊዜ መድገም ነበረባት።

«እንደ ልጄ ነበር» አሉ። «ከበሩ ሆኜ ሰላም ብዬው ነው ያለፍኩት።»

መርማሪዋ ማቀናበሪያ ክፍል ገብታ ትምህርቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየችው፤ ሰማችው። ከዚያም ሦስቱን ጠርታ አስቀመጠቻቸው።

«አንድ ነገር ላሰማችሁ» አለችና ቪዲዮውን ከፈተች። ሟቹ ማርከሩን ይዞ ብቅ አለ። እህቱ ፊቷን አዞረች።

አቀናባሪው ከወንበሩ ብድግ አለ። «ቬንትሌተሩ! ሲጥ ሲጥ ይላል!»

«እኔም ይሰማኛል» አለች እህትየው ቀስ ብላ። «ግን እኮ ተቃጥሏል።»

ጋሼ አንዴ አንዷን፣ አንዴ ሌላውን አዩ። «ምኑ ነው የሚሰማው?»

መርማሪዋ ቪዲዮውን አቆመች።

«ይህ ዛሬ የተቀረጸ አይደለም» አለች። «ከሁለት ሳምንት በላይ ሆኖታል። ቬንትሌተሩን ማጥፋት ተረስቶ ድምፁ ስለገባበት ተጥሏል፤ ሟቹ ሁሌም ያንኑ ጋውን ስለሚለብስ ማንም አይለየውም። ዛሬ ይህን የለቀቀው ሰው ተማሪዎቹ አይተውት የማያውቁት ትምህርት ያስፈልገው ነበር። እንዲህ ያለው ደግሞ ከተጣሉት ውስጥ ብቻ ነው የሚገኘው። የተጣሉት ሦስት ናቸው። ሁለቱ ምስላቸው ትንሽ ይደበዝዛል እንጂ ድምፃቸው ንጹሕ ነው።»

ወደ አቀናባሪው ዞረች። «አንተ ብትሆን የትኛውን ትመርጥ ነበር?»

«ከሁለቱ አንዱን ነዋ! ይሄንንማ እንኳን እኔ፣ ማንም አይመርጠውም።»

«እህቱም ትሰማዋለች፤ አሁን አይታችኋል። ይህን የመረጠው ምስሉ ስለጠራለት ነው። አዳምጦታልም፤ ግን ቀጭን ድምፅ ጆሮው አይገባም።» ወደ ሽማግሌው ጎንበስ አለች። «ጋሼ፣ ለምን?»

ፕሮፌሰሩ እጃቸውን ወደ ኮታቸው ኪስ ሰደው ሰማያዊውን ኢንሄለር አወጡና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«የቀረጽኳቸውን ሃያ ስምንት ትምህርቶቼን ሊያጠፋቸው ነው» አሉ። «‹ተማሪዎቹ ጋሼ ጥያቄያችንን አይሰሙም ይላሉ፣ በሌላ ሰው እናስቀርጸዋለን› አለኝ። እኔ ያስተማርኩት ልጅ! ስንጨቃጨቅ አስሙ አፈነው። ይሄ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አነሳሁት። እሱን አልነካሁትም።»

«በሩን ቆለፉ። መብራቱን አበሩ። ከዚያ ማንም እንዳይፈልገው እሱኑ ስክሪን ላይ አቆሙት።»

«ወጥቼ ልመለስ ነበር ያሰብኩት» አሉ ጋሼ፤ እሳቸውም አላመኑትም። ፖሊሶቹ ደግፈው ሲያስነሷቸው እንደ ሕፃን ታዘዙ። አቀናባሪው ግድግዳውን ተደግፎ ሲንሰቀሰቅ ቆየና ወጣ።

እህትየው ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

«እነግርሻለሁ ብለውኝ ነበር» አለች።

መርማሪዋ በሥራዋ ብዙ ነገር ችላለች፤ ይህን ግን ሌላ ሰው ቢናገርላት ምንኛ በወደደች። «አስሙ ያፈነው ከአራት ሰዓት ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ሐኪሙ ወዲያው አልሞተም ይላል። እስከ አራት ሰዓት ከሩብ፣ ምናልባትም ከዚያ ትንሽ አለፍ ብሎ በሕይወት ነበር።»

እህትየው ራሷን ነቀነቀች፤ ቀድሞም የምታውቀውን የነገሯት ትመስል ነበር።

«ድምፅ ሰምቼ ነበር» አለች።

«መቼ?»

«ትምህርቱ እንደተጀመረ። ወንበር የሚጎተት የሚመስል፣ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚመታ ነገር። ላይኛው ፎቅ የሚያጸዱ መሰለኝ።» ጣቶቿን እያየች ነበር። «ቀረጻው ውስጥ እንዳይገባበት ብዬ ደረጃው ጋ ሄጄ ወደ ላይ ‹ዝም በሉ› አልኳቸው። ከዚያ ወደ ኮሪደሩ የሚያወጣውን የቢሮዬን በር ዘጋሁት።»

መርማሪዋ ቃሏን ለመመዝገብ ደብተሯን ከፍታ ነበር። ይህን አልጻፈችውም።