ልቡ ያልተኛው በሽተኛ

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው... እኔ የምጽፈው በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ታኅሣሥ 2008፣ ቡራዩ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

በተቃውሞው መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ የምትተካኝ ነርስ ስላልመጣች፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍሉ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። በሽተኛውም አንድ ነው፤ ዲሪርሳ። በግርግሩ ባጃጁ ተገልብጦበት በማሽን ነው የሚተነፍሰው። በመድኃኒት አስተኝተነዋል። ነቅቶ የጉሮሮውን ቱቦ ቢጎትተው... አለቀ።

የክፍሉ ሐኪም ዶክተር ባርናባስ ደጋግሞ የሚነግረኝ ነገር አለ።

«የወይንሐረግ፣ የምቱን ብዛት ብቻ አትይ። በምትና በምት መካከል ያለውን ክፍተት እይ። ጠልቆ የተኛ ሰው ልብ እኩል እኩል ይመታል። ሲነቃ ግን ክፍተቱ አንዴ ይሰፋል፣ አንዴ ይጠባል።»

የዲሪርሳ ልብ እኩል እኩል ይመታ ነበር።

እናቱ አዴ ወርቅቱ ከበሩ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

«ታላቁ ልጄ፣ ሁንዴ፣ ከሰበታ በእግሩ እየመጣ ነው» ይሉኛል በየደቂቃው።

ድንገት የልብ ምቱን በሚያሳየው ስክሪን ላይ ክፍተቱ ሰፋ... ጠበበ... ሰፋ።

መድኃኒቱን አየሁ። በትክክል እየገባ ነው።

ቀና ስል አንድ ወጣት አልጋው አጠገብ ቆሟል። በሩ ሲከፈት አልሰማሁም።

«አካም ጅርታ» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አለኝ። «ሁንዴ ነኝ።»

ጫማው ላይ ቅንጣት አቧራ የለም። ከሰበታ በእግሩ መጥቶ! ነገሩ አላማረኝም።

«ቀስቅሺልኝ» አለ በሹክሹክታ።

«አይሆንም። ይሞትብኛል።»

«አብረን ነው የምንሄደው።»

«የት?»

በብርድ ልብሱ ሥር የዲሪርሳን ቀኝ እጅ ጨበጠ።

ወደ ወንድሙ ባጎነበሰ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ምቱ ይዘበራረቃል። ቀና ሲል ይረጋጋል።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሦስት ጊዜ አየሁት።

«እናትህን ልጥራ» ብዬ ወደ በሩ ሮጥኩ።

አዴ ወርቅቱ ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ቆመዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ኢልሞ ኮ... ልጄ... ሁንዴ ጠዋት ዓለም ገና ላይ በጥይት ተመቶ... ሞተ ይሉኛል።»

«አሁን... በዚህ በር የገባ ሰው አለ?»

«ማንም አልገባም።»

ተመለስኩ። አልጋው አጠገብ ማንም የለም። እፎይ ልል ስል ስክሪኑን አየሁት።

ይሰፋል... ይጠባል... ይሰፋል።

ሰውየው ከሄደ ይሄ ልብ ለምን አልተረጋጋም?

ብርድ ልብሱን ገለጥኩ። ዲሪርሳ እንደተኛ ነው። ቀኝ እጁ ግን የሰው እጅ እንደጨበጠ ታጥፏል። ላላቅቀው ጣቴን በመሃል ሰደድኩ።

መዳፉ ባዶ አልነበረም። የማይታይ፣ ቀዝቃዛ እጅ...

ጣቴን ጨበጠኝ።