ተመለስ የተባለው ውሻ

ድልድዩን ጎርፍ ጠርጎ ወስዶታል። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋና በጭነት መኪና ላይ ዕድሜውን ሙሉ ያጠራቀመውን ስድብ ወንዙ ላይ አወረደው። የእህቱ ልጅ ግን አልሰማችውም። የእንስሳት ሐኪም ናት፤ የክትባቱን የበረዶ ሳጥን ከኋላ አውርዳ ማንገቻውን እያጠበቀች ነበር።

«ጋሼ፣ በገደሉ እናቋርጥ።»

«አብደሻል እንዴ?»

«ያበደውማ አንድ ውሻ ነው። በሱ የተነሳ ሁሉም ሊገደሉ ነው።»

ከተራራው ማዶ ባለው መንደር ያበደ ውሻ ከብት ነክሶ ተገድሏል። መንደርተኛው ደንግጦ የውሻ መርዝ የሚበትን ሰው አስጠራ። ሐኪሟ ለምና ለምና ከመንደሩ ሹም አንድ ቃል አገኘች፤ ክትባቱ ከቀደመ ውሾቹ ይከተባሉ፣ መርዙ ከቀደመ ግን ማንም አይከለክለውም። የመርዙ ሰውዬ ደግሞ በላይኛው መንገድ በበቅሎ እየገሰገሰ ነው።

ሾፌሩ ለውሻ ግድ የለውም። በልጅነቱ አንዱ ባቱን ቦጭቆታል፤ ጠባሳው ዛሬም አለ። ከዚያ ወዲህ ደጃፉን የረገጠ ውሻ የለም። አብራው የምትኖረው የእህቱ ልጅ ያሳደገችው ውሻ እንኳ የሚያድረው መኪናው ሥር ነው። ልጅቷን ግን ለብቻዋ ገደል አይሰዳትም። ሳጥኑን ነጥቋት አዘለው።

ከመኪናው ላይ ዘሎ የወረደው ውሻዋ ከፊት ቀደመ። ቡናማ ነው፣ አንድ ጆሮው ቆራጣ። ቡችላ ሳለ ሾፌሩ በጆንያ እየከተተ የትም ቢጥለው፣ በማግስቱ በሩ ላይ ጅራቱን እየቆላ ይገኝ ነበር። እሷም ስሙን «ተመለስ» አለችው። ሾፌሩ በስሙ ጠርቶት አያውቅም፤ «ያ ጉድ» ነው የሚለው።

ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ሐኪሟ ሳጥኑን ከፈት አድርጋ አየችና ፊቷ ተለወጠ።

«በረዶው እየቀለጠ ነው። ክትባቱ ከሞቀ በከንቱ ደከምን ማለት ነው።»

ጥቂት እንደተጓዙ ሰማዩ ጠቆረ። ነፋሱ ቁጥቋጦውን አጎነበሰው፤ ከዚያ በረዶ እንደ ጠጠር ይወርድባቸው ጀመር። አለት ሥር ተወሸቁ። ሾፌሩ ራሱን በክንዱ ከልሎ ሲራገም፣ ሐኪሟ ፌስታል ይዛ ዘላ ወጣች።

«ምን ነካሽ?»

«በረዶ አይደል የቸገረን!»

ሾፌሩም ጎንበስ ብሎ ይለቅም ጀመር።

ከበረዶው በኋላ ጉም መጣ። መንገዱ ጠብቦ ጠብቦ የገደል አፋፍ ሆነ። ውሻው በድንገት ሾፌሩ ፊት አግድም ቆመና አልነቃነቅ አለ።

«ዞር በል!» ብሎ በጉልበቱ ገፋው። ውሻው ጥርሱን አሳየው። የሾፌሩ ባት የድሮውን ንክሻ አስታወሰ።

«ተመለስ!» ብላ ጮኸች ሐኪሟ ከኋላ።

ሾፌሩ ደሙ ፈልቶ ዞረ። «እስከዚህ ጎትተሽኝ ተመለስ? ደግሞ አንተ? ‹ይመለሱ› ማለት አቃተሽ?»

«ኧረ ጋሼ፣ ውሻውን ነው!»

ንግግሯን ሳትጨርስ፣ ሾፌሩ ሊረግጠው የነበረው አለት ከጀርባው ተፈንቅሎ ሄደ። ጆሯቸውን አቅንተው ቢጠብቁ ታች ሲደርስ አልተሰማም።

ሾፌሩ ውሻውን አየው። ዕድሜውን ሙሉ ተራራ ለተራራ በመብራትና በመስታወት ነድቷል። ይህ ፍጥረት ግን በባዶ እግሩ የድንጋይን ሆድ አንብቧል።

«እኔ እኮ ገፋሁት» አለ ቀስ ብሎ።

ከዚያ ወዲያ መሪው ውሻው ሆነ። ጉሙ ውስጥ ይጠፋል፤ ተመልሶ እርጥብ አፍንጫውን የሾፌሩ መዳፍ ላይ ያሳርፋል፤ ደግሞ ይጠፋል። ሾፌሩ እጁን አልሰበሰበም።

ገደሉን ወርደው ወንዙ ሰፍቶ በእግር ወደሚሻገሩበት ዳር ሲደርሱ ቄጠማው ተሰነጠቀና ጎሽ ወጣ። አንገቱን ደፍቶ መሬቱን ጫረ። የሚሸሹበት ቦታ አልነበረም። ውሻው እየጮኸ ከጎሹ አፍንጫ ሥር ገባ፤ ግራ ሲሉት ቀኝ፣ ቀኝ ሲሉት ግራ እያለ አናደደው፤ ጎሹም እያሳደደው ቄጠማውን እየደረመሰ ሄደ። ጩኸቱ ራቀ፣ ከዚያም ተቋረጠ።

«እንጠብቀው» አለ ሾፌሩ።

«ከጠበቅነው ሌሎቹ ያልቃሉ» አለች ሐኪሟ። እንባዋ እየወረደ ወንዙን ቀድማ ገባች። ሾፌሩ ሳጥኑን አናቱ ላይ አድርጎ ተከተላት። ሲሻገሩ ደጋግሞ ወደ ኋላ ያይ የነበረው እሱ ነው።

መንደሩ ሲደርሱ የመርዙ ሰውዬ ከበቅሎው ወርዶ የመጀመሪያውን ሥጋ አደባባዩ ላይ ወርውሯል። ሰው በየአጥሩ ቆሞ ያያል፤ ውሾች በየጓሮው ያላዝናሉ።

«ቀድሜያለሁ» አለ ሰውዬው። ሹሙ አንገቱን ደፋ።

በዚህ መሃል ከወንዙ በኩል ቡናማ ነገር እያነከሰ ብቅ አለ። ጎኑ ደም ነው። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ሥጋው ሸተተውና በቀጥታ ሄደበት።

«ተመለስ!»

ድምፁ የሾፌሩ ነበር። ውሻው አፉን እንደከፈተ ቆመ። ሥጋውን አየ፣ በስሙ ጠርቶት የማያውቀውን ሰው አየ። ከዚያ ምራቁ እየተንጠባጠበ ሥጋውን ጥሎ መጣ። ሾፌሩ ተንበርክኮ አንገቱን አቀፈው፤ እንባውን ለመደበቅ እንኳ አልሞከረም።

«እኔን ነው አንተ የምትለኝ?» አለ የመርዙ ሰውዬ፣ ሁለተኛውን ሥጋ እንዳነሳ ክንዱ አየር ላይ ቀርቶ።

መንደሩ በሙሉ ውሻውን ያያል። ከዚያ አንዲት እናት ከጓሮዋ ጥቁር ውሻ አንገቱን ይዛ ወጣች፤ ሥጋውን በእግሯ ወደ ሰውዬው ገፋችና ሐኪሟ ፊት ቆመች። «የኔን ክተቢልኝ።» ጎረቤቷ ተከተለ። ሹሙም የራሱን ሊፈታ ወደ ቤቱ ሄደ።

ወንዙ ሲጎድል ተሻግረው በመኪናው ቤታቸው ሲገቡ፣ ጎኑ በፋሻ የታሰረው ውሻ እንደልማዱ ወደ መኪናው ሥር አመራ።

ሾፌሩ የቤቱን በር ወለል አድርጎ ከፈተው።

«ተመለስ» አለው።