በብርድ የምትንሳፈፍ ትንኝ

ልብስ ሰፊዋ አናጺውን የወደደችው የሱሪውን ወገብ ስትለካለት ነው። ሜትሩን ስታዞርበት ትንፋሹን ዋጠ፤ እሷም ቁጥሩ ጠፋባትና ደግማ ለካች። ሦስተኛ ጊዜ የለካችው ግን ቁጥሩ ጠፍቷት አልነበረም።

አባቷም ልጁን አልጠሉትም ነበር፤ ዓሣ የሚያጠምደው በትል መሆኑን እስኪሰሙ ድረስ።

«በትል?» አሉ፣ ሌባ ነው የተባሉ ይመስል። «ዕድሜዬን ሙሉ ከላባ በተሠራ ተንሳፋፊ ዝንብ ያጠመድኩ ሰው ከትል ጋር ልዛመድ? በዚህ ብርድ አንድ ትራውት ዓሣ ከውኃው ፊት ላይ አስበልቶ ያሳየኝ፤ ስለ ጋብቻ ያኔ እናወራለን።»

አናጺው ተስፋ ቆረጠ። «በብርድ ዓሣው ታች ተኝቶ ነው የሚከርመው። አባትሽ እንቢ ማለታቸው ነው።»

«እንቢ ማለት ቢፈልጉ ይሉ ነበር፤ አፍ አላቸው። አንተ ክንድህን አምጣ፣ ዝንቡን ለኔ ተው።»

ከጥቁር ክርና ከላባ ቁራጭ የሩዝ ፍሬ የማታህል ትንኝ ሠርታ መንጠቆ ላይ ጠመጠመች። በየእረፍት ቀናቸው ወንዝ ዳር ይዛው ትወርዳለች። ክሩ ቁጥቋጦ ላይ ሲጠላለፍበት፣ «ዓሣው እዛ ነው እንዴ የሚኖረው?» ትለዋለች። ጣቱ ሲደነዝዝ ግን በመዳፎቿ መሃል ይዛ ታሞቅለታለች። ያኔ ሁለቱም ወንዙን የሚያዩ ይመስላሉ እንጂ አያዩም።

«ብርዱ ሊያልቅ ነው» አላት አንድ ቀን፣ ባዶ እጁን እያየ።

«እኔ አላለቅኩም» አለችው።

በማግስቱም እረፍት ነበርና ወንዝ ዳር ወረዱ፤ ቀትር ላይ ፀሐይ ብቅ አለች። እውነተኞቹ ትንኞች ከወንዙ ሥር ተነሥተው፣ ቆዳቸውን ገፍፈው ውኃው ላይ ክንፋቸውን ያደርቁ ጀመር። አባቷ ከወንዙ በላይ ባለው ድልድይ ላይ ቆመዋል፤ ፀሐይ ልሞቅ ነው የመጣሁት ብለው። ወንዙ መሃል ካለ ድንጋይ ጀርባ ውኃው ትንሽ ክብ ሠራ። አንዱ ዓሣ ሊበላ ወጥቷል!

«አሁን» አለች በሹክሹክታ።

ወረወረ። ትንኟ አረፈች፣ ተንሳፈፈች፣ ተዋጠች። የማጥመጃው ዘንግ ጎበጠ።

«አትጎትት! ይበጠስብሃል! ልቀቅለት!» ብለው አባቷ ከላይ ጮኹ። ቁልቁለቱን እየተንሸራተቱ ወርደው ከነጫማቸው ውኃ ውስጥ ገቡ። «አሁን ሰብስብ! ቀስ... እንዲያ ነው የኔ ልጅ!»

አናጺው «የኔ ልጅ» የምትለዋን ሲሰማ ዞሮ ሰፊዋን አያት።

«ዓሣውን እይ!» አሉት። «እሷ ከእንግዲህ የትም አትሄድብህም!»

ሰፊዋ መረቡን ከዓሣው ሥር አስገብታ አነሣችው።

«ሰምቻለሁ አባዬ» አለች። «ዓሣውም ሰምቷል።»