ከመቀመጫው ስር የተኙት

ማመን ያልፈለገ አይመን። እኔ ኢክራማ ግን ወላሂ... አንድም ቃል አልጨመርኩበትም።

ጨለማ አልነበረም። ጠራራ ፀሐይ ነበር።

ዓርብ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ። ቦታው ሸዋ ሮቢት፣ የምማርበት ግቢ ውስጥ ያለው የስፖርት አዳራሽ። የቆላውን ሙቀት የምታውቁት ታውቁታላችሁ... በዚያ ሰዓት ውሻ እንኳ ከጥላ አይወጣም። ወንዶቹ ጁምዓ ሄደዋል። የቀረው ተማሪ ዶርሙ ውስጥ ተዘርሯል።

እኔና ሐምዲያ ግን አዳራሹ ውስጥ ነበርን። በማግስቱ የቮሊቦል ፍጻሜ አለብን።

ሐምዲያ የማጀቴ ልጅ ናት። የዶርም ጓደኛዬ፣ የቡድናችን ምርጥ ተጫዋች። ስትስቅ ሳቋ ከግቢው በር ድረስ ይሰማል።

እኔ ሰርቭ እመታለሁ፣ እሷ ትመልሳለች። አንዱን አበላሸሁት። ኳሱ ግድግዳ መትቶ ነጠረና ከተመልካች መቀመጫው ስር ገባ።

መቀመጫው በብረት ላይ የተደረደረ ሳንቃ ነው። ከስሩ ባዶ ነው። በሳንቃዎቹ ክፍተት ከሚገባው ጭላንጭል በቀር ጨለማ ነው።

"መቺዋ አንቺ፣ አምጪዋ እኔ!" አለችና እየሳቀች ጎንበስ ብላ ገባች።

ጠበቅኳት...

ሳቋ መሃል ላይ ተቆረጠ።

"ሐምዲያ?"

ወደ መቀመጫው ተጠጋሁ።

ልብ ያልኩት ያኔ ነው... አዳራሹ ቀዝቅዟል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ በዚያ ሰዓት እሳት ነው የሚተፋው። የእኔ ክንድ ግን በብርድ ተኮማትሯል።

"ኢክራማ..." አለች ከውስጥ፣ በሹክሹክታ። "ቀስ ብለሽ አውሪ።"

"ምን ሆነሻል?"

"እዚህ ሰው ተኝቷል።"

"ዘበኛው ይሆናላ።"

"አንድ አይደለም... ብዙ ናቸው። እስከ ጥጉ ድረስ። ሁሉም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል።"

ሐምዲያ ቀልደኛ ናት። ተናደድኩ።

"ተይ አሁን! ነይ ውጪ!" ብዬ ጮህኩ።

ድምፄ አዳራሹን ዞሮ ተመለሰ። ከመቀመጫው ስር አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ... ሰው በእንቅልፍ ልቡ ሲገላበጥ እንደሚሰማው።

"አንዷ ዞረች" አለች ሐምዲያ። እያለቀሰች ነበር።

"ማናት?"



"አንቺ ነሽ።"

እግሬ ወደ በሩ ሮጠ። አልዋሽም። ግማሽ መንገድ ከሄድኩ በኋላ ግን ልቅሶዋ መለሰኝ። በሆዴ ተኝቼ እጄን ወደ ጨለማው ዘረጋሁ።

"ያዢኝ!"

ያዘችኝ። ጎተትኳት። እስከ ወገቧ ወጣችና ቆመች... ከወዲያ በኩል የያዛት ነበር። አይጎትታትም። እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን የእናቱን ቀሚስ ጨብጦ እንደሚቀር... ዝም ብሎ አይለቅም።

"ቢስሚላህ!" ብዬ ባለኝ አቅም ሳብኩ።

ወጣች። አንድ እግሯ ጫማ አልነበረውም።

ጩኸታችንን ሰምተው ዘበኛው ጋሼ ወልደማርያም እየሮጡ መጡ።

"ጋሼ፣ እንዳይገቡ!" አልኳቸው።

አልሰሙኝም። የስልካቸውን መብራት አብርተው ገቡ። ቆይተው አቧራ ለብሰው ወጡ።

"ልጆቼ፣ ምንም የለም እኮ።"

"ኳሱስ?"

"ኳስም የለም።"

"ጫማዋስ ጋሼ?"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ግን የስልኩን መብራት ሳያጠፉ ነው ከአዳራሹ የወጡት።

አሰልጣኛችን ቢኒያም ሳቀብን። "ሙቀት ነው፣ ውሃ ጠጡ" አለ።

ሐምዲያ ያኔውኑ ሻንጣዋን ሸከፈች። ድምፅዋ አልተመለሰም። ስታወራ በሹክሹክታ ብቻ ነው። በባጃጅ እስከ መናኸሪያ አደረስኳት። የማጀቴው ሚኒባስ ሊነሳ ሲል ጆሮዬን ወደ አፏ ሳበችው።

"ነገ አዳራሹ ይሞላል... ሕዝቡም ይጮሃል።"

"እና?"

"ይነቃሉ።"

ሄደች።

አሰልጣኙን ለመንኩት። ውጪ ሜዳ ላይ እንጫወት አልኩት። "በዚህ ፀሐይ? አብደሻል?" አለኝ። እኔም ብቀር ቡድኑ አይሞላም። ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ ለፍተዋል... ገባሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ጢም አለ። ከበሮ፣ ጭብጨባ፣ እልልታ። ከካራቆሬ ሳይቀር ዘመድ መጥቷል። እኔ መቀመጫውን ላለማየት አንገቴን ደፍቼ ተጫወትኩ። ምንም አልሆነም። እየቆየሁ እኔም "ሙቀት ነው" ማለት ጀመርኩ።

የመጨረሻው ዙር ላይ ሰርቩ የእኔ ሆነ። አንድ ነጥብ ቀርቶናል። ሕዝቡ ስሜን እየጠራ ይጮሃል። ኳሱን ከፍ ሳደርግ ዓይኔ ወደ መቀመጫው ሄደ።

ከታችኛው ረድፍ ጀመረ።

አንዲት ልጅ ሁለት እግሯን ሰብስባ ሳንቃው ላይ አወጣች። ከዚያ አጠገቧ ያለው ሰውዬ... ከዚያ ቀጥላ ያለችው ሴትዮ... ከዚያ ሁለተኛው ረድፍ... ሦስተኛው...

ቤታቸው ጎርፍ እንደገባባቸው ሰዎች፣ ጉልበታቸውን እስከ ደረታቸው ሰበሰቡ። እስከ ላይ ድረስ። አንድም ሰው ወደ ታች አላየም። አንድም ሰው ጎረቤቱን ምን ሆንክ አላለም። ዓይናቸው እኔ ላይ ነው... ይስቃሉ።

ዳኛው ፊሽካውን ነፋ።

ከሳንቃው በታች፣ እነዚያ በተኙበት በኩል፣ የተንጠለጠለ አንድም እግር አልነበረም።

ማጨብጨቡን ግን ማንም አላቆመም።