ዜሮ የተጻፈበት ሐሙስ

ሟቿ ከዝናብ መለኪያው አጥር ሥር በደረቷ ተደፍታለች። ማጅራቷ በድንጋይ ተመትቷል፤ ድንጋዩም እዚያው ከጎኗ ወድቋል። ራሷን አንድ ሰው በአረንጓዴ ፎጣ ሸፍኖላታል።

ኢንስፔክተር በዛች የታመመ ጉልበቷን እየረገመች አጠገቧ ተንበረከከች። ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ቀርተዋታል፤ ሬሳ ባየች ቁጥር ግን አንድ ዓመት የምትጨምር ይመስላታል። ዓርብ ነው፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ጥሪው እንደደረሳት በማለዳ ከመካነ ሰላም ተነስታ ነው እዚህ ውርጭ በር የደረሰችው።

«ዶክተር ሥርጉት ትባላለች» አለ የአካባቢው መርማሪ ሳጅን ይሄነው። «ዩኒቨርሲቲው ፌሎሺፕ የሚለውን የምርምር ዕድል ሰጥቷት የበልጉ ዝናብ እንዴት እንደሆነ ልታጠና በዚህ ሳምንት የመጣች ናት።»

«የት እንደገባ ለማለት ነው?»

«ያው ነው ኢንስፔክተር።»

በዛች አልሳቀችም። የተወለደችው ከዚሁ ማዶ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ወንድሟ ወንድዬ ሦስት በልግ ተከታትሎ ገብሱ ሲቀርበት እርዳታ ጠየቀ። «የአካባቢያችሁ ዝናብ መደበኛ ነው» ተብሎ ስሙ ከዝርዝር ወጣ። በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ እሄዳለሁ ብሎ ወጣ፤ እስከ ዛሬ ድምፁ አልተሰማም።

«የኛ ሥራ አልቋል» አለ ይሄነው። «ፎጣው የአሕመድኑር ነው፤ መንገድ መሪዋ ነበር። ዛሬ ማለዳ ሞታ አገኘኋት ብሎ የጮኸውም እሱ ነው። ይዤዋለሁ፤ ነገ ጠዋት ወደ ደሴ እወስደዋለሁ።»

«ገድሎ ፎጣ የሚያለብስ?»

«ዋሽቶኛላ! ‹ትናንት ከሰባት ሰዓት ጀምሮ መስጊድ የዝናብ ዱዓ ላይ ነበርኩ፣ አሥር ሰዓት ላይ ዘነበልንና ዝናቡ ውስጥ ቆምን› ይለኛል። መዝገቡን አየሁት። ጠብታ የለም።»

መዝገቡን የያዘው ምንይችል ጥቂት ራቅ ብሎ ቆሟል። የጣቢያው ዝናብ ለኪ ነው፤ ከስቶ የጎበጠ፣ ጋቢውን እስከ ጆሮው የተከናነበ ሰው። ገጹን ገልጦ አሳያት። በጥሩ የእጅ ጽሑፍ የሐሙስ ዝናብ 0.0 ይላል።

«መቼ ጻፉት?»

«ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ። ሥርዓቱ እንደዚያ ነው። በየማለዳው ሦስት ሰዓት መለኪያው ይከፈታል፣ ባለፈው ቀንና ሌሊት የወረደው ይነበባል፣ ውሃው ይደፋል።»

«በዚህ ሁሉ ጩኸት መሐል?»

«ሥራ ነው፣ ኢንስፔክተር።»

በዛች ወደ ሬሳው ተመለሰች። ይሄነው ሲያግዛት ቀስ ብላ አገላበጠችው። ከደረቷ ሥር ያለው አፈር እንደ ዱቄት የደረቀ ነው። የጃኬቷ ጀርባ ላይ ግን እስከ ትከሻዋ ድረስ የጭቃ ፍንጣቂ ደርቆ ተጣብቋል። ስልኳ የለም። በዛች ተነስታ ጉልበቷን አራገፈች፤ ወደ አጥሩ በር አንድ ፖሊስ ጠርታ እሷ ሳትፈቅድ ማንም እንዳይገባ አዘዘች።

ከዚያ ምንይችልን ወደ ቤቱ ሸኘችው። ቤቱ ከመለኪያው ሃምሳ እርምጃ ቢርቅ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ።

«ትናንት ከሰዓት የት ነበሩ?»

«እዚሁ። እግሬ ከደጅ አልወጣም።»

«ሰማዩስ እንዴት ዋለ?»

«ጠራራ ፀሐይ።»

«ጆሮዎ ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው። ግን ኮሽ ያለ ነገር አልሰማሁም» አለ ዓይኑን ሳያነሳ።

ዶክተር ቃለ ክርስቶስን ያገኘችው አቀስታ ከተማ፣ ያረፈበት ሆቴል በር ላይ ተቀምጦ ነው። የመሪጌታ ልጅ ነው፤ ከሥርጉት ጋር በአንድ ፌሎሺፕ ሥር ይሠራ ነበር። ዓይኑ ቀልቷል።

«ለሚመጣው ዓመት ዕድሉ የሚቀጥለው ለአንዳችሁ ብቻ ነው ይባላል» አለችው።

«እውነት ነው። በዚሁ ተጣላን። ትናንት ስምንት ሰዓት ላይ ጥያት ወረድኩና ሚኒባስ ያዝኩ። ሹፌሩን ጠይቂው፤ ከፊት ከጎኑ ነበርኩ።»

«ከዚያ በኋላ አልደወለችልህም?»

ስልኩን በዝግታ አወጣ። «ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ሁለት ፎቶ ልካልኛለች። መንገድ ላይ ነበርኩ። አኩርፌ ስለነበር አልከፈትኩትም። እስካሁንም ድፍረት አጣሁ።»

በዛች ከፈተችው። ሁለት የመዝገብ ገጾች ናቸው፤ አንዱ የመጋቢት 2003፣ ሌላው የመጋቢት 2013። ቁጥሮቹ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ናቸው። ቃለ ክርስቶስ ከትከሻዋ በላይ አይቶ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ሁለት መጋቢት እንዲህ አንድ ሊሆን አይችልም» አለ። «የኋለኛው ከፊተኛው የተገለበጠ ነው። ይህን አግኝታ ከኔ በስተቀር የምትነግረው ሰው አልነበራትም፤ እኔ ደግሞ አኩርፌያለሁ።»

በዛች 2013 የሚለውን ቁጥር ትንሽ ቆይታ አየችው። ስልኩን መለሰችለት።

ከሹፌሩ ቃል ተቀብላ የአሕመድኑር መንደር ስትደርስ ፀሐይ ዘቅዝቃለች። መንደሩ ከጣቢያው በላይ የግማሽ ሰዓት አቀበት ነው። ሚስቱ ፈይዛ ደጃፏ ላይ ቆማ ጠበቀቻት።

«እርስዎም ዝናቡን ሊጠይቁኝ ነው?»

«እሱኑ።»

«ወላሂ ዘንቧል! ከካቻምና ወዲህ የመጀመሪያው የበልግ ዝናብ ነው። ዱዓው ሳይበተን ልክ አሥር ሰዓት ላይ ወረደ። ሽማግሌው ወጣ፣ አራስ ወጣች፣ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጀሪካን ይዘው ወጡ። እስከ ታች እስከ መለኪያው ድረስ ሲጥል በዓይናችን አየነው፤ ከገደሉ በታች ወንዙ ጋ ግን አልደረሰም። ግማሽ ሰዓት ብቻ። ከዚያ ንፋሱና ፀሐዩ አደረቀው።»

«አሕመድኑርስ?»

«ራሱን ገልጦ ለዝናቡ ሰጥቶ ያለቅስ ነበር። ሀገሩ ምስክር ነው። ግን ማን ይሰማናል? እኛ አልዘነበም ስንል መዝገቡ ዘንቧል ይላል። እኛ ዘነበ ስንል አልዘነበም ይላል። ከወረቀት ጋር ምን ሙግት አለ?»

«አብሽሪ» አለች በዛች። ራሷም አላመነችውም።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉንም መለኪያው ዘንድ ሰበሰበቻቸው። አሕመድኑር እጁ በካቴና ታስሯል፤ ወደ ደሴ የሚወስደው መኪና ሞተሩ አልጠፋም።

«ከሬሳው እንጀምር» አለች በዛች። «ሥሯ ደረቅ፣ ጀርባዋ ጭቃ የተረጨበት ነው።»

«ጤዛ ይሆናል» አለ ይሄነው።

«ጤዛ ጭቃ ያፈናጥራል? መሬት ላይ በኃይል የወረደ ዝናብ ነው፤ እሷ ከወደቀች በኋላ ነው የመጣው። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ፎቶ ልካለች፤ በሕይወት ነበረች። አሥር ሰዓት ላይ ዘነበ፤ ያኔ ሞታለች። ያለችን አርባ ደቂቃ ናት። በዚያች አርባ ደቂቃ ቃለ ክርስቶስ ሚኒባስ ውስጥ ነው፤ ሹፌሩን አነጋግሬዋለሁ። አሕመድኑር ከላይ ዱዓ ላይ ነው፤ ሀገሩ ሁሉ አይቶታል።»

«መዝገቡ ግን…»

«እሱን አሁን እንጠይቀዋለን። ምንይችል፣ ሰዓትዎ ደርሷል። ይክፈቱልን።»

ምንይችል አልተንቀሳቀሰም። በዛች ራሷ ክዳኑን አነሳች፤ በውስጡ ያለውን ውሃ ወደ መስፈሪያው ብርጭቆ ገለበጠችው። ሁሉም አንገቱን አሰገገ። ሰባት ነጥብ አራት ሚሊ ሜትር።

«ከትናንት አራት ሰዓት ጀምሮ በሩ ላይ ፖሊስ አለ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ አልዘነበም። ይህ የሐሙስ ውሃ ነው። ትናንት ቢነበብ ኖሮ ይደፋ ነበር። ምንይችል ሳይከፍቱት ነው ዜሮ የጻፉት።»

«ስንፍና ነፍሰ ገዳይ አያደርግም» አለ ይሄነው፤ ድምፁ ግን ቀዝቅዟል።

«አያደርግም። ግን እኚህ ሰው ከቤቴ አልወጣሁም፣ ጠራራ ፀሐይ ነበር ብለውኛል። ሁለት ዓመት የጠፋ የበልግ ዝናብ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ግማሽ ሰዓት ሲወርድ፣ አራስ እንኳ ስትወጣለት፣ ጆሮው ደኅና የሆነ ዝናብ ለኪ አልሰማም? እዚህ አልነበሩም። በመንደሩ በኩል ቢያልፉ ሰው ያያቸዋል። የቀረው በገደሉ ወደ ወንዙ የሚያወርደው መንገድ ነው፤ ዝናቡ እዚያ ድረስ አልወረደም። ስልኳን ሊጥሉ ወርደዋል። ያላወቁት ነገር ቢኖር ፎቶዎቹ ቀድመው መሄዳቸው ነው።»

የምንይችል ጋቢ ከራሱ ላይ ተንሸራትቶ ወደቀ። አላነሳውም።

«ባለቤቴ ደሴ ስትታመም» አለ። «አንድ ወር እሷ ዘንድ ሰነበትኩ። ከአሮጌው መዝገብ ገለበጥኩት። የጠየቀኝ የለም። ከዚያ እሷም ሞተች፣ በልጉም ቀረ። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ… እጄ እምቢ አለ። ስድስት ዓመት ገለበጥኩ። ማንም የሚያነበው አይመስለኝም ነበር። ይቺ ልጅ አነበበችው።»

«ምን አለችዎ?»

«አልሰደበችኝም። ‹በዚህ ቁጥር ስንት ቤት እርዳታ እንደቀረበት ያውቃሉ?› አለችኝ። ጎረቤቶቼ ናቸው። ይህን ሰምተው በምን ዓይን ያዩኛል? ዞር ስትል ድንጋዩን አነሳሁ።»

«ሐሙስን ለምን ዜሮ አሉት?»

ምንይችል ብርጭቆው ውስጥ ያለውን ውሃ አየ። «ከእንግዲህ እውነቱን ብቻ ልጽፍ ለራሴ ምዬ ነበር» አለ። «ወንዙ ዳር ጠብታ አላየሁም፤ ዜሮው እውነት መሰለኝ።»

ይሄነው አንገቱን ደፍቶ የአሕመድኑርን ካቴና ፈታና ለምንይችል አሰረለት። ፈይዛ ባሏን ይዛ አለቀሰች። አሕመድኑር ግን አልተደሰተም። በሐሙሱ ዝናብ ተታሎ ብቅ የሚለው ገብስ ሳይሰነብት እንደሚጠወልግ ያውቃል። ከዓረብ አገር ከተመለሰ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ፓስፖርቱን ሊያሳድስ እንዳሰበ ለፈይዛ ሲነግራት በዛች ሰማች።

መኪናው ምንይችልን ይዞ ሲሄድ ቃለ ክርስቶስ ብቻ ቀረ። ፌሎሺፑ አሁን የእሱ ነው፤ ሲናገረው ግን አፉ ላይ መረረው።

«እነዚያ ስድስት ዓመታት ይታረማሉ?» አለችው በዛች።

«አይታረሙም። ያልተለካ ዝናብ ከየት ይመጣል? ከጥናቱ ይወጣሉ፤ ቦታቸው ባዶ ይተዋል።»

«ዜሮ እንኳ አይባልም?»

«ዜሮ ለማለት ያየ ሰው ያስፈልጋል።»

በዛች መዝገቡን ከእጁ ተቀበለችና መጋቢት 2013ን ገለጠች። ወንድሟ ወንድዬ የሄደበትን ቀን በጣቷ ፈለገች። መጋቢት 19፤ አሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት ሚሊ ሜትር ይላል። ያን ቀን እስከ አስፋልቱ ሸኝታው ነበር። ከመኪናው ኋላ የተነሳው አቧራ ዓይኗን አስጨፍኗት፣ ስትገልጠው እሱ አልነበረም።