ሠላሳ ሰከንድ የሚዘገይ ደብዳቤ

«ዛሬ ማክሰኞ መሆኑን ለመላው የጣቢያችን ነዋሪ በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ» አሉ ሻለቃ አስፋወሰን በድምፅ ማጉያው። መላው ነዋሪ ሦስት ሰው ነው፤ አንዱ ራሳቸው ናቸው። ሁለቱ ከጎናቸው ቁርስ እየበሉ ነበር።

በሳተርን ዙሪያ በምትዞረው ጣቢያ ማክሰኞ የደብዳቤ ቀን ነው። ሁሉም ከምድር የመጣለትን ጮክ ብሎ ያነባል። ላልመጣለት «ተኪ» የተባለው ፕሮግራም የቤተሰቡን አጻጻፍ አጥንቶ ይጽፍለታል። ብቸኝነት ሰው እንዳይጎዳ ተብሎ በውል የተፈረመ ነገር ነው። የትኛው ደብዳቤ የተኪ እንደሆነ ግን አይነገርም። ስለዚህ ሦስቱም የየራሳቸው እውነተኛ፣ የሌሎቹ ደግሞ አጠራጣሪ መሆኑን በልባቸው ያውቃሉ።

«ይሄ ገጽ ለመከፈት ሠላሳ ሰከንድ ምን ይሠራል? ደብዳቤውን በበቅሎ ነው እንዴ የሚያስጭነው?» አለ የሞተር ቴክኒሻኑ ድንበሩ።

ኮዱን የምትጠብቀው ትርንጎ ስትፈትሸው ጥፋቱ አንድ መስመር ላይ ሆኖ ተገኘ። የጻፈው ሰው፣ እጥር ምጥን ይበል ብሎ፣ «ደብዳቤ ከመጣ እሱን፣ ካልመጣ የተኪውን» የሚለውን ውሳኔ በአንዲት ፈንክሽን፣ በአንዲት የትእዛዝ ቋጠሮ፣ ጠቅልሎታል። ፈንክሽኗ ደግሞ እንግዳው ጾመኛ መሆኑን ሳትጠይቅ የጾሙንም የፍስኩንም ወጥ ሠርታ የምትጠብቅ ዓይነት ናት። የመጣውን ታወጣለች፣ ተኪውንም ታስጽፋለች፣ ከዚያ አንዱን ትደፋለች። ትርንጎ መስመሩን መጀመሪያ ጠይቆ የሚፈለገውን ብቻ በሚሠራ ተራ «ከሆነ፣ ካልሆነ» ቀየረችው።

«ከእንግዲህ የመጣ ደብዳቤ በቅጽበት ይከፈታል» አለቻቸው። «ሠላሳ ሰከንድ የሚፈጀው ተኪው ሲጽፍ ብቻ ነው።»

ያለችውን የሰማችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው።

«ባለቤቴ ማክሰኞን ዘንግታ አታውቅም» አሉ ሻለቃው፣ ገጹን ነክተው። ጠበቁ። ሠላሳ ሰከንድ እንዲህ ረጅም መሆኑን ማናቸውም አስተውለው አያውቁም ነበር። ሲከፈት ጮክ ብለው አነበቡ፤ ጣሪያው ታድሷል፣ ሁሉ ሰላም ነው። የድንበሩም ሠላሳ ሰከንድ ፈጀ።

«አልሠራልሽም እኮ፣ እቴ!» አለ፤ ሳቁ ቀጠን አለ።

«አዎ፣ የሆነ ቦታ ተሳስቻለሁ» አለች ትርንጎ። አልተሳሳተችም።

ተራው የእሷ ሆነ። ለእናታቸው አርባ እንኳ ሳትቆይ ጥላው የመጣችው ወንድሟ የሺጥላ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ማክሰኞ በመጣ ቁጥር በደብዳቤ ይቅር ብሏታል። ያለዚያ ይቅርታ እዚህ ጨለማ ውስጥ እንዴት እንደምትውል አታውቅም። ጣቷን ወደ ገጹ ዘረጋች። ነካችው።

ወዲያው ተከፈተ።

ድንበሩ ዳቦውን አስቀመጠ። ሻለቃው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ትርንጎ ደስታዋን መደበቅ አቃታት፤ ደንቡም ጮክ ብሎ ማንበብ ነው።

«ትርንጎ» ብላ ጀመረች፣ «ተቀይሜሽ እስከ ዛሬ አንድ ቃል እንኳ አልጻፍኩልሽም።»