የሰዓት ሠሪው እናት ሽፋሽፍት

ሰዓት ሠሪው ጠቀሳት። በገዛ ዓይኗ አየችው።

ሕንፃው ገና እየተከፈተ ነበር። ደረጃው ሥር ካለችው ጠባብ የመስታወት ሱቁ ውስጥ ቀና አለና ቀኝ ዓይኑን አጥብቦ ጨፍኖ፣ በግራው ትኩር ብሎ አያት። ሦስት ወር ሙሉ አንገቷን ደፍታ በፊቱ ስታልፍ ደህና አደርሽ እንኳን ብሏት አያውቅም። አንድ ቀን ቀና ብትል ይኼ ገጠማት!

ወደ ሁለተኛው ፎቅ በሩጫ ወጣች። የአክስቷ የውበት ሳሎን እዚያ ነው። ለደንበኛ ቃል ስለማታባክን እዚያ ያሉት ሁሉ «ጭምቷ» ነው የሚሏት። ያን ቀን ግን በሩን ሳትዘጋ ነው መናገር የጀመረችው።

«ያ ሰዓት ሠሪ! ዓይኑን በጨው ያጠበ!»

«ምን አደረገሽ?» አለች አክስቷ።

«ጠቀሰኝ።»

«ታዲያ ምን አለበት?» አለች ፀጉር አጣቢዋ ከመታጠቢያው ጀርባ። «እኔን በጠቀሰኝ!»

አክስቷ አገጯን ይዛ ፊቷን ወደ ብርሃኑ አዞረችው። የግራ ዓይኗ ሽፋሽፍት ከጥጉ ተላቅቆ እንደተሰበረ ክንፍ ተንጠልጥሏል።

«ሙጫው ጠጠር ሳይል ለጥፈሽ ወጣሽ አይደል? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል! ደንበኛ እንዲህ ሆነሽ ቢያይሽ ማን ዓይኑን ይሰጥሻል?»

በሳሎኑ ደንብ ሠራተኛ ሁሉ ሰው ሠራሽ ሽፋሽፍት ለጥፎ ይውላል። አክስቷ «ማስታወቂያችን ነው» ትላለች። ጭምቷ ለሌላው ስትለጥፍ እጇ የተባረከ ነው፤ ለራሷ ግን ሁልጊዜ ጠዋት ትቸኩላለች። የዚያን ቀንም ደረጃው ጋ ስትደርስ የተላቀቀው ጫፍ ወግቷት ግራ ዓይኗ በራሱ ጊዜ ተጨፍኖ ነበር። ይህን ግን በንዴቷ ልብ አላለችውም።

ዘጠኝ ቀን በጓሮው ደረጃ ተመላለሰች።

በአሥረኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሰዓት ሠሪው ራሱ የሳሎኑን በር ከፍቶ ገባ። የፀጉር ማድረቂያዎቹ አንድ በአንድ ጠፉ። ወንድ ልጅ እዚያ በር ላይ የሚታየው ሚስቱን ሊጠብቅ ብቻ ነው።

«የ... የዓይን ፀጉር የምትለጥፈውን ፈልጌ ነበር» አለ።

«ለራስህ ነው?» አለች ፀጉር አጣቢዋ።

ሳሎኑ በሳቅ ፈረሰ። እሱ እስከ ጆሮው ቀላ። «ለእናቴ ነው» አለና በእጁ ወደ ጭምቷ አመለከተ። «እሷን ብትልኩልኝ። እሷን ትንሽ አውቃታለሁ። ማለቴ... አንድ ቀን ጠቅሳኝ ነበር።»

አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም።

«እኔ?» አለች ጭምቷ፣ ወረንጦዋ ከእጇ ወድቆ። «እኔ ነኝ የጠቀስኩህ? አንተ አይደለህም እንዴ የጠቀስከኝ?»

«ኧረ በፍጹም! እኔ ሰው ጠቅሼም አላውቅ!»

አክስቷ እንደ ዳኛ እጇን አነሳች። የሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ጫፉ የሚታየውን የዓይን ማጉያ አየችና «እስቲ አድርገው» አለችው። በጉንጩና በቅንድቡ መሀል ሰካው። «አሁን አውልቀው።» አወለቀው። ዓይኑ ግን ገና እንደታሰረ ቀረ፤ ተጨፍኖና ተጨማድዶ ልክ እንደሚጠቅስ ሰው።

«አሁን ደግሞ እኔን ጠቀሰኝ!» ብላ ፀጉር አጣቢዋ ወንበር ላይ ወደቀች።

«እሷም ብትሆን ያን ቀን ሽፋሽፍቷ ተላቅቆባት ነው» አለች አክስቷ። «እንግዲህ ማንም ማንንም አልጠቀሰም። ጉዳይህን ተናገር።»

ሁለቱም ወለል ወለሉን አዩ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ የተናደደችበት ነገር ባዶ ሆኖ ሲገኝ፣ ጭምቷ ደስ ከማለት ይልቅ ትንሽ ቅር አላት። ለምን ቅር እንዳላት ለራሷም አልነገረችም።

ሰዓት ሠሪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራቸው። እናቱ አምና ታመው ነበር። በሽታው ለቀቃቸው፤ መድኃኒቱ ግን ፀጉራቸውን ሁሉ አረገፈው። የራስ ፀጉራቸው ተመልሶ ሲበቅል ሽፋሽፍታቸው እንቢ አለ። ከዚያ ወዲህ ከደጃፍ አልፈው አያውቁም።

«ቅዳሜ እህቴ በምሕንድስና ትመረቃለች። እማዬ አልሄድም ብላለች፤ ‹ሰው ዓይን ዓይኔን ሲያይ አልውልም› ነው የምትለው። እህቴ ደግሞ እማዬ ካልመጣች ጋዋኑን አልለብስም ብላ እዚያው ቁጭ። አንዲት ሴት ሞክራላት ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ሲወጋት ውሎ ማታ ጎትታ ነቀለችው። አሁን ስሙ አይነሳብኝ ትላለች።»

ሳሎኑ ውስጥ የሚስቅ አልነበረም። አክስቷ ዞር ብላ ጭምቷን አየቻት። ጭምቷ ሣጥኗን ማዘጋጀት ጀምራ ነበር።

* * *

ቤት ሲደርሱ እናቱን በመስኮቱ አጠገብ፣ የተማሪ ዩኒፎርም በተከመረበት የስፌት መኪና ፊት ተቀምጠው አገኙአቸው። ሁለቱን ልጆች ያሳደጉት በዚያ መኪና ነው። ቀና ሲሉ ዓይናቸው መጋረጃ እንደሌለው መስኮት ገላጣ ሆኖ ታያት። ጭምቷ አልሸሸችም፤ አተኩራም አላየች።

«ይኼውልሽ ልጄ» አሉ፣ «ልጄ ደግ ነው፣ ለምኖሽ መጥተሻል። ግን ልትኳል ብላ ዓይኗን ያጠፋችውን ሴት ታውቂያታለሽ?»

«ሰምቻለሁ።»

«ያቺ እኔ ነኝ።»

ጭምቷ እንደለመደችው ሠራች። ከሣጥኗ ደንበኞች የሚወዱትን ረጅሙን መርጣ ቀባችና ለጠፈች። እናትየው መስታወቱን ተቀበሉ።

«መጥረጊያ ነው እንዴ ያስቀመጥሽብኝ? በዚህ እኮ ግቢ ይጠረጋል።» ከዚያ የውስጠኛው ጥግ ወጋቸውና እንባቸው ፈሰሰ። «ይኸው! ብዬ አልነበር? አንሺልኝ።»

አነሳችላቸው። ቅዳሜ አራት ቀን ቀርቶታል፤ በዚህ ወንበር ላይ ያሉት እናት ካልተነሱ ደግሞ አንዲት ልጅ የደከመችበትን ጋዋን አትለብስም።

«ልክ ወስደሻል?» አለ ሰዓት ሠሪው ከበሩ ላይ፣ ቀስ ብሎ።

«ምን?»

«እኔ ለሰዓት ጥርሳማ ጎማ ከመቁረጤ በፊት ልክ እወስዳለሁ። ከገበያ የመጣው ሁሉ ልክ አይሆንማ።»

ልትቆጣ ነበር፤ ግን እውነቱን ነው። ለሌላው ሰው የገዛ ሽፋሽፍቱ እንደ ፍራሽ ነው፤ የሚለጠፈው እዚያ ላይ ይተኛል፣ መሥመሩንም ያሳያል። እሳቸው ግን ፍራሽም መሥመርም የላቸውም። ሽፋሽፍቱ የተሰካበት ክር በቀጥታ ከባዶ ቆዳ ጋር ይጋጫል፤ ታዲያ ለምን አይወጋ?

አጭሩንና ክሩ ስስ የሆነውን ፈለገች። ጣቷ ላይ ጠምዝዛ አለሰለሰችው። ከውጪ በኩል ያለውን ትርፍ ቆርጣ፣ የቀረውን እንዲታጠፍ ብላ ሦስት ቦታ ከፈለችው። መሥመሩ እንዲታያት ደግሞ በዓይናቸው ቆብ ጠርዝ ላይ በመኳያ እርሳስ ነጠብጣብ ምልክት ልታደርግ ፈለገች። ግን ነጠብጣቡ ደቃቅ መሆን አለበት።

«ማጉያህን ልዋስህ?»

«ይኸው። በጉንጭሽና በቅንድብሽ አጥብቀሽ ያዢው።»

ሰካችው፤ አልያዝ አላት። አወለቀችና መለሰችለት። እሱም ሊወለውለው ወደ ውስጡ ሲያይ፦

«ወይኔ! ሸረሪት!» ብሎ ወረወረው።

ሸረሪት አይደለም። የጭምቷ የቀኝ ዓይን ሽፋሽፍት ነው፤ ከነሙጫው ማጉያው ውስጥ ተለጥፎ ቀርቷል። እናትየው የስፌት መኪናውን ተደግፈው እስኪያስለቅሳቸው ሳቁ።

«አንተ ጀግና! ይህን አውሬ ነው እናትህ ዓይን ላይ ልታሰፍር የመጣኸው?»

ጭምቷ በአንድ እጇ ዓይኗን ሸፈነች። አንዱ ብቻውን አይሆንምና የግራውንም አነሳችው። እጇን ስታወርድ ሰዓት ሠሪው ያያት ነበር። ከወለሉ አንስቶ ሁለት ጊዜ የወለወለውን ማጉያ ለሦስተኛ ጊዜ ወለወለው።

«አሁን ይይዝልሻል» አለ።

ያዘላት። ነጠብጣቦቹን አሰፈረች። ሙጫውን በስሱ ቀባችና ጠበቀች፤ እሱ በእጅ ሰዓቱ እየቆጠረላት፦ «ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ።» ሙጫው ውሃነቱን ትቶ ጣት ሲነካው ሳብ የሚያደርግ ሆነ። መሀሉን አስቀመጠች፣ ከዚያ የውጪውን፤ የውስጠኛውን ጥግ ግን እንዳይወጋቸው ትንሽ ቦታ ተወችለት።

«አሁን ይስፉ» አለቻቸው። «ሲጨርሱ ይነግሩኛል።»

የሦስት ልጅ ኮሌታ ሰፉ። ጭምቷ ክር እያቀበለች ተቀመጠች። ሰዓት ሠሪውም «ልሄድ ነው» እያለ ሦስት ጊዜ ተነስቶ ሦስት ጊዜ ተቀመጠ።

«እንዴት ነው?» አለች በመጨረሻ።

«ምኑ?» አሉ እናትየው። ከዚያ እጃቸውን ወደ ዓይናቸው ወስደው ቆም አሉ። «ውይ! ረስቼው።»

ጭምቷ በሥራ ዘመኗ ከዚህ የበለጠ ምስጋና ሰምታ አታውቅም።

* * *

ቅዳሜ ጠዋት ጭምቷ እንደገና ከለጠፈችላቸው በኋላ እናትየው መስታወቱን ለረጅም ጊዜ ይዘው ቆዩ። ሴት ልጃቸው ጋዋኑን በክንዷ እንዳንጠለጠለች በሩ ላይ ትጠብቃለች።

«ይኼ የኔ ነው የሚመስለው» አሉ በመጨረሻ።

«የእርስዎ ነው» አለች ጭምቷ። «ቢያለቅሱም አይለቅም፤ ብቻ ዓይንዎን እንዳያሹት።»

«ማን ነው የሚያለቅሰው?» አሉና ጫማቸውን ጠየቁ።

አዳራሹ ውስጥ የልጃቸው ስም ሲጠራ አለቀሱ፤ ስትወርድ ደግሞ አለቀሱ። ሽፋሽፍቱ ከቦታው አልተነቃነቀም። ፎቶ አንሺው «ቤተሰብ ብቻ!» ብሎ ሲጮህ ጭምቷ ወደ ኋላ አፈገፈገች። እናትየው ክንዷን ያዙ።

«አንቺ ደግሞ የት ነሽ?»

«ቤተሰብ ብቻ ነው ያለው።»

«እሱ ምን ያውቃል? ብርሃኑን ያስተካክል።»

ሰዓት ሠሪው ፈቀቅ ብሎ በጎኑ የአንድ ሰው ቦታ ለቀቀ። ቆመችበት። ትከሻቸው ተነካካ፤ ፎቶው ከተነሳ በኋላም አንዳቸውም ወዲያው አልተንቀሳቀሱም።

ከሰዓት በኋላ ቤት ሲደርሱ ሽፋሽፍቱን ማንሳት ብቻ ቀረ። ተመራቂዋ ከጓደኞቿ ጋር ወጥታለች። «አይጎተትም» አለች ጭምቷ፤ «ሙጫው በቅባት ይሟሟል።» እናትየውን ወንበሩ ላይ አስደግፋ ቅባት የነካውን ጥጥ በሁለቱም ዓይናቸው ላይ አኖረች። «ሁለት ደቂቃ እንዳይገልጡ።»

ሰዓት ሠሪው የቅባቱን ጠርሙስ ይዞ ቆሟል። ክዳኑን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

«እንግዲህ ምረቃውም አለፈ» አለ።

«አለፈ።»

«ከዛሬ በኋላ ወደዚህ የሚያመጣሽ ምክንያት የለም።»

«የለም» አለች።

«ያለ ምክንያትስ ብትመጪ?»

«ያለ ምክንያት የምትመጣ ሰው ምን ትባላለች?»

ክዳኑ ከእጁ አምልጦ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። አላነሳውም።

«የምወዳት ሰው» አለ።

«እሰይ!» አሉ እናትየው ከጥጡ ሥር።

«እማዬ!»

«ምን አጠፋሁ? ዓይንሽን ጨፍኚ ተባልኩ፣ ጨፈንኩ። ለጆሮዬ ጥጥ ያመጣልኝ የለም። በይ ልጄ፣ መልሺለት፤ ቅባቱ ዓይኔ ውስጥ ሊገባ ነው።»

ጭምቷ አንገቷን አልደፋችም። ቀና ብላ አየችው።

«እኔም እወድሃለሁ» አለች።

ከዚያ ጥጡን አነሳች። ሽፋሽፍቱ ሳይጎተት ለቀቀ። ከሰባት ወር በኋላ ተጋቡ።